ሪባኑን ያሰረው እጅ

ክሬሙ ሊያገባት እንደሚፈልግ በአፉ ነግሯት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ መዘዝ ባልመጣ ነበር። ግን ምን ይደረግ፣ ክሬሙ ኬክ ሠሪ ነው። የልቡን መናገር ሲያቅተው ይጋግረዋል።

ሰፈሩ «ክሬሙ» የሚለው ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ክሬም ስለማይጠፋ ነው። እሷ የምትሠራበት መነጽር ቤት ከኬክ ቤቱ ፊት ለፊት ሲሆን፣ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ የደንበኛ ዓይን ስትለካ እሱ ከማዶ በመስታወት አሻግሮ ያያታል። የተዋወቁትም በዚሁ በዓይን ሰበብ ነው። አንድ ቀን «የምድጃ ሙቀት ዓይኔን አደከመው» ብሎ መጣ። ወንበሩ ላይ አስቀምጣው «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄኛው?» እያለች ሌንስ ስትቀያይርለት፣ «ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ከኋላቸው የቆምሽው ግን ትበልጫለሽ» አላት። ዓይኑ ምንም አልነበረበትም። እሷም ይህን ከመጀመሪያው ሌንስ ጀምራ አውቃለች፤ ምርመራውን ግን አላቋረጠችም።

ከዚያ ወዲህ ዓመት አለፈ። በዚያ ዓመት ውስጥ ክሬሙ በወረቀት የጠቀለለው ብስኩት፣ ገና ትኩስ የሆነ ዳቦ፣ አንዳንዴም ባዶ እጁን ይዞ መንገዱን ሲሻገር ኖሯል። እሷ ፈገግ ትላለች፣ ታመሰግናለች፣ ከጎኑ ትቀመጣለች። ከዚያ የሚያልፍ ነገር ከፊቷ አይወጣም። «መነጽሬ፣ አንቺ እኮ ስትስቂ ግብር የሚከፈልበት ይመስልሻል» ብሎ ይቀልዳል። ቀልዱ ውስጥ ትንሽ ስጋት ነበረበት፤ እሷም ሰምታዋለች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነጭ ሳጥን ይዞ ገባ። ሳጥኑ በቀይ ሪባን ግራና ቀኝ ታስሮ፣ የሪባኑ ጫፍ አናቱ ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ተዘርግቷል። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠውና «ብቻሽን ክፈቺው» ብሏት እንደ ትንሽ ልጅ እየሮጠ ወጣ።

እሷ ሳጥኑን አየችው።  ጆሮዋ ውስጥ ጭው የሚል ነገር ተነሳ፤ አፏ ምንም ሳትቀምስ በጣፋጭ ነገር ተሞላና ወደ ላይ አላት። ምን እንደምታደርግ ሳታስብ ሳጥኑን በሁለት እጇ አንስታ፣ በጎን በር ወጥታ፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተችውና ክዳኑን ገጠመችው። ተመልሳ ገብታ የአንድ ሽማግሌ ደንበኛ መነጽር መወልወል ጀመረች። «ጠርቷል እኮ ልጄ፤ ይበቃዋል» አሏት። «ትንሽ ቀርቶታል» አለች። የቀረው ነገር አልነበረም።

የጎን በሩ ደግሞ ከኬክ ቤቱ መስኮት ወለል ብሎ ይታያል። ክሬሙ አዲስ ሽርጥ ታጥቆ፣ ሳጥኑን ስትከፍት ፊቷ ምን እንደሚመስል ሊያይ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ነበር። ያየው ግን ሌላ ሆነ።

ሽማግሌው እስኪወጡ ጠበቀና ገባ።

«አልከፈትሽውም» አላት።

«አልከፈትኩትም።»

«ምን እንዳለበት ማወቅ አትፈልጊም?»

«አልፈልግም።»

«ደህና!» አለ፤ ሊስቅ ሞክሮ ከንፈሩ እምቢ አለው። «እናትሽ 'የዳኛ ልጅ ዱቄት ለባሽ አታገባም' ሲሉ የሳቸው ብቻ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። ለካ የቤቱ ሁሉ ሐሳብ ነው።»

አይደለም ልትለው ፈልጋ ተወችው። ያንን ሳጥን ለማስረዳት ልጅነቷን ሁሉ ባንኮኒው ላይ መዘርገፍ ነበረባት፤ እሱን ደግሞ ለሰው ነግራ አታውቅም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አላት። «ዓመት ሙሉ ወዳንቺ ስመላለስ፣ አንድ ቀን እንኳ ስመጣ ደስ ብሎሽ ያውቃል? እውነቱን።»

ጣጣው እሷ እውነተኛ ሰው መሆኗ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ማብሪያ እንደሚፈልግ ሰው ውስጧን ዳበሰች፤ እዚህም የለም፣ እዚያም የለም። «አላውቅም» አለችው። ሌላ ሴት ብትሆን ትዋሽ ነበር፤ ውሸቱም ሁለቱንም ባተረፋቸው ነበር።

ክሬሙ በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። «'ታገቢኛለሽ?' ነበር የሚለው» አላት። «በስኳር ጽፌበት ነበር።»

ከሄደ በኋላ ልታለቅስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እንባ አልመጣም። ልቧ መሰበር ሲገባው ዝም ማለቱ ከሁሉም በላይ አስፈራት።

ብዙም ሳይቆይ ስለ ክሬሙ አንድ ወሬ እናቷ ዘንድ ደረሰ። እናትየው ሳሎን ውስጥ ቆመው የሟች ባላቸውን ትልቅ ፎቶግራፍ እየወለወሉ ነበር። ዳኛው ካባቸውን እንደለበሱ፣ ፊታቸው ላይ ያ የታወቀው ትዕግሥት እንዳለ፣ ከግድግዳው ላይ ቁልቁል ያያሉ።

«ዛሬ ገና ጆሮዬ ደስ የሚል ነገር ሰማ» አሉ እናትየው። «ያ የኬክ ቤቱ ልጅ ሊሄድ ነው አሉ። ወደብ ከተማ ነው አሉ፤ ትልቅ ሆቴል ቀጥሮት። እሰይ! ሳንጣላ ሳንነካካ ተገላገልን።»

«እማዬ፣ ሊያገባኝ ጠይቆኝ ነበር።»

ጨርቁ ቆመ። «ምን አልሽው?»

«ኬኩን ሳልከፍት ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።»

እናትየው ሳቁ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞር ሲሉ ሳቃቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «ታዲያ ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ?»

«ፊቴ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።»

«እሱስ እውነትሽን ነው፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነው። አባትሽ ስንቱን ኬክ ተሸክሞ ሲመጣልሽ አንድ ቀን እንደ ልጅ ዘለሽ አታውቂም። 'ይቺ ልጅ ምን ቢደረግላት ነው ደስ የሚላት?' እያለ ሆዱ ያዝን ነበር።»

«ኬኩን የሚያመጣው መቼ መቼ እንደነበረ ታስታውሻለሽ?»

እናትየው መልሰው መወልወል ጀመሩ፤ የተወለወለውን ቦታ ነበር የሚወለውሉት።

«በማግስቱ ነበር እማዬ።»

«ተይ።»

«ሁልጊዜ በማግስቱ።»

«ተይ ብዬሻለሁ! አፈሩ ይቅለለውና ከሄደም ስንት ዘመኑ ነው!»

በማግስቱ ነበር። አባቷ ችሎት ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም ይባላል። ትዕግሥቱ ግን ከቤቱ ደጃፍ አያልፍም ነበር። ሾርባ ፈሰሰ፣ በር ጮኸ፣ ልጅቷ ቶሎ አልመለሰችም፤ ብቻ ምክንያት አይጠፋም፣ ቀበቶው ከወገቡ ይወርዳል። በማግስቱ ከሰዓት ነጩን ሳጥን አንጠልጥሎ፣ ፊቱ ፈክቶ ይመጣል። ጠረጴዛው ጋ ያስቀምጣትና ሪባኑን ራሱ ይፈታል። ከዚያ ከፊት ለፊቷ ተቀምጦ እያያት ይጠይቃታል። «ደስ አለሽ?»

የሚያስፈራው ይሄ ጥያቄ ነበር። ፈገግታዋ ትንሽ ከሆነ «አኩራፊ!» ይላል፤ ፊቱም መልሶ ይጠቁራል። ፈገግታዋ ከበዛ ደግሞ «አየሽ፣ ትናንት ምንም አልሆንሽም ነበር ማለት ነው» ይላል። ስለዚህ ባበጠ ከንፈሯ ክሬም እየላሰች ደስታዋን እንደ መድኃኒት በጠብታ እየለካች ማውጣት ለመደች። ቆይታ ደግሞ ጨርሶ ምንም አለመጠበቅን ለመደች። አንድ ጥሩ ነገር እየመጣ ነው ሲባል ልቧ ቀድሞ ይተኛል። ተኝቶ የቀረ ልብ ደግሞ አባት ስለተቀበረ ብቻ ብድግ አይልም።

«ምን ላደርግ ነበር?» አሉ እናትየው በመጨረሻ፤ ድምፃቸው አንሶ ነበር። «እኔንስ ይተወኝ ነበር? የምችለውን አድርጌያለሁ። ሪባኖቹን እንኳ አንድም አልጣልኩም። እያጠብኩ ፀጉርሽን አስርልሽ አልነበር? ትምህርት ቤት አምረሽ እንድትሄጂ።»

ልጅቷ እናቷን አየቻቸው። ልትቆጣ ፈልጋ ቁጣውን የምታነሳበት ጉልበት አጣች። ሁለቱም እኩል አሳዘኗት፤ አሮጊቷም፣ ያቺ ቀይ ሪባን ፀጉሯ ላይ ታስሮላት ትምህርት ቤት የምትሄደው ልጅም።

እናትየው የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ልጃቸው ለወራት የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ስትመላለስ ነበር። መጀመሪያ የሄደችው እንቅልፍ አጣሁ ብላ ነው። ሐኪሟ ጥያቄ ሲያበዙባት ጠዋት ከአልጋ መነሳት ተራራ እንደሚሆንባት፣ ምግቡ ሁሉ ወረቀት ወረቀት እንደሚላት፣ ሰው የሚስቅበት ነገር ለምን እንደሚያስቅ እንደማይገባት ተናገረች። ሐኪሟ ያላትን ነገር በስሙ ጠሩት፤ ድባቴ ነው አሏት። መድኃኒትም ጀመሩላት።

በዚያ ሳምንት ስትሄድ ሐኪሟ ጉንፋን ይዟቸው መሐረባቸውን እንደጨበጡ ነበር። ሳጥኑንም፣ ማግስቱንም፣ በስኳር የተጻፈውንም ነገረቻቸው። አንዴ ከጀመረች ወዲያ ማቆም አልቻለችም።

«አልወደውም ማለት ነው ዶክተር?» አለች ስትጨርስ። «ሲመጣ ምንም አይለኝም። ሰው የሚወደው ሲመጣ ልቡ ይዘላል ይባላል። የኔ አይዘልም።»

«እሱን ሲያመው አንቺ ምን ትሆኛለሽ?»

«ያመኛል» አለች ሳታስብ። «ባለፈው እጁን ምድጃ አቃጥሎት፣ ሌሊቱን ሙሉ የኔ እጅ ሲያቃጥለኝ አደረ።»

ሐኪሟ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየሽ፣ አእምሯችን ውስጥ ጥሩ ነገር ገና በሩቅ ሳለ 'መጣልሽ፣ ተነሺ' የሚለን ክፍል አለ። ደስታው ራሱ አይደለም፤ ከደስታው ፊት ፊት የሚሮጠው ጉጉት ነው። የሚገራው በልጅነት ነው። ልጅ ስትጓጓ ጥሩ ነገር ካገኘች ይበረታል። ጥሩው ነገር ከዱላ ጋር ተቆራኝቶ ከመጣባት ግን መጓጓት አደጋ ነው ብሎ ይማራል፤ እየደከመ ይሄዳል። ሰው ሁሉ ላይ እንዲህ ይሆናል አልልሽም። ተጎድቶ አድጎ ድባቴ የማይነካው ስንት አለ። አንቺ ላይ የማየው ግን ይሄንን ነው።»

«ሞቷል ማለት ነው?»

«አልሞተም። የደጅ ደወሉ ሽቦ የላላበት ቤት አስቢ። እንግዳው ይደውላል፣ ይደውላል፤ ውስጥ አይሰማም። እንግዳው ሰው የለም ብሎ ይሄዳል። ሰው ግን አለ። ቁጭ ብላለች።»

እንባዋ የዚያን ጊዜ መጣ። ማልቀሷን ያወቀችው ሐኪሟ መሐረብ ሲያቀብሏት ነው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ደወሉ እስኪሰማሽ አትጠብቂ። ተነሺና በሩን ክፈቺ። እግርሽ ይቅደም፤ ፍላጎት ከኋላ ሊደርስ ይችላል።»

«ባይደርስስ?»

ሐኪሟ አፍንጫቸውን ጠረጉ። ሊያጽናኗት ብለው መዋሸት ይችሉ ነበር፤ አልዋሹም። «እሱን አላውቅም የኔ ልጅ» አሉ። እሷም ስላልዋሿት አመነቻቸው፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ሰው ስላመነች ሆዷ ባባ።

ከዚያ በቀጥታ ኬክ ቤት ሄደች። ባለቤቲቱ ሰፊ ሴት ናቸው፤ ሲቆጡም ሲያዝኑም ድምፃቸው አንድ ነው።

«ሄዷል!» አሉ ገና በሩ ላይ ሲያዩዋት። «አሁን ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ ወረደ። አንቺ ልጅ፣ ያን ጽሑፍ ስንቴ አበላሽቶ ስንቴ እንደጻፈው ታውቂያለሽ? ስኳሬን ጨረሰብኝ! 'እጄ ተንቀጠቀጠ' ይለኛል፤ ኬክ ሲሠራ የኖረ ሰው!» ከዚያ ፊቷን አዩና ቁጣቸው በረደ። «ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ሩጪ እንጂ!»

አልሮጠችም፤ መሮጥ አልቻለችም። እግሯ እንደ ሌላ ሰው እግር ከበዳት። በየእርምጃዋ «ለምን ትሄጃለሽ? ምን ሊፈጠር?» የሚል ድምፅ ሆዷ ውስጥ አለ፤ የለመደችው ድምፅ ነው። እሱን እንደሰማች፣ ግን ሳትመልስለት፣ ሄደች።

መናኸሪያው ፀሐይ አናቱን እየመታው፣ በናፍጣ ሽታና በጥሪ ጫጫታ ተሞልቶ ነበር። ክሬሙ አንድ ጥላ ሥር ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። የማታውቀው ኮት ለብሷል። ቅንድቡ ንጹሕ ነበር፤ ምንም የለበትም። የሌላ ሰው ፊት መሰላት።

ሲያያት ብድግ አለ። «ልትሰናበቺኝ ነው?»

«አይደለም። አብሬህ ልሄድ ነው።»

ፊቱ በራ። እጁን ዘርግቶ ሊይዛት ሲል ግን ዓይኑ ፊቷ ላይ ቆመ፤ እንደ ልማዱ ደስታ ፈለገበት። «ደስ ብሎሽ ነው?»

ያው ጥያቄ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ትደነዝዝ ነበር። «አይደለም» አለችው። «ደስ ብሎኝ አይደለም የመጣሁት። እግሬ እምቢ እያለኝ እየጎተትኩት ነው የመጣሁት። ግን መጥቻለሁ። ለሌላ ለማንም አልመጣም ነበር።»

«አልገባኝም።»

ነገረችው። ቀበቶውን ነገረችው፣ ማግስቱን ነገረችው፣ ባበጠ ከንፈር የሚላሰውን ክሬም ነገረችው። ሰው እየገፋቸው ያልፋል፣ ሻንጣ ይጎተታል፤ ሁለቱ አልሰሙም። «አንተን አይደለም የጣልኩት» አለች። «ሳጥኑን ነው። ነጭ ሳጥን፣ ቀይ ሪባን። እዚህ ጋ ደግሞ እንደ ቢራቢሮ የተዘረጋ።»

ክሬሙ ቀስ ብሎ ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። 

«ኬክ ቤታችን አንቺ ልጅ ሳለሽ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ነበር» አለ። «እኔም ገና ልጅ ሆኜ መቀጠሬ ነበር። ኬክ መንካት አይፈቀድልኝም፤ ሥራዬ ሳጥን ማሰር ብቻ ነበር። አባትሽ ይመጣሉ። ከደንበኛ ሁሉ ትሁት እሳቸው ነበሩ። 'ለልጄ ነው፤ አሳምረህ እሰረው' ይሉኛል።» የሻንጣውን እጀታ ጨበጠ። «እኔ አባት አላውቅም። እንዴት ያለች የተወደደች ልጅ ብትሆን ነው እያልኩ አስብሽ ነበር። ቀናሁብሽም። ቆይቶ ግን ደስ አለኝ፤ ቢያንስ አንዷ አባት አላት አልኩ። ያን ቢራቢሮ ላንቺ ብዬ ነው የፈጠርኩት። ለሌላ ደንበኛ አስሬው አላውቅም።»

እሷ አፏን በእጇ ያዘች።

«መነጽር ቤት ገብቼ የሳቸው ልጅ መሆንሽን ስሰማ፣ 'ያቺ ናት' አልኩ። ምን እንደሚያስደስትሽ ከማንም በፊት የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ ኮራሁ። ልጠይቅሽ ሳስብ ሌላ ሳጥን እንዴት ይታሰበኛል?» ሁለት እጁን አገላብጦ አያቸው፤ የሱ ያልሆኑ ይመስል። «ደስ ይበላት እያልኩ ነበር እኮ የማስረው። በየጊዜው፤ ደስ ይበላት እያልኩ።»

እጆቹን ያዘቻቸው። «የመታኝ እጅህ አይደለም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ተው።»

«እሺ» አለ፤ ግን እንባው ኮቱ ላይ ይንጠባጠባል። እሷም አላበሰችለትም፤ እጁን መልቀቅ አልሆነላትም።

የአውቶቡሱ ረዳት የወደብ ከተማን ተሳፋሪ መጥራት ጀመረ። ክሬሙ ተነሳ፣ ሻንጣውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ነይ ብልሽ ትመጫለሽ» አላት።

«እመጣለሁ።»

«ራሴን ግን አውቃለሁ። እኔ ፊት የማይ ሰው ነኝ። ለሰው ኬክ ሳቀብል እጁን አላይም፣ ፊቱን ነው የማየው። ጠዋት ስትነሺ ፊትሽን አያለሁ። ሻይ ስሰጥሽ ፊትሽን አያለሁ። ደስ አላት ይሆን እያልኩ። አንቺም እንደማይሽ ታውቂያለሽ፤ ቅር እንዳይለኝ ብለሽ ትስቂያለሽ። ያን የአባትሽን ጠረጴዛ እኔም ልዘርጋልሽ?»

 ያለው ሁሉ እውነት ነበር።

«አልስቅም ብዬ ብምልልህስ?»

«ትምያለሽ፤ ከዚያ እኔ አዝኜ ስታዪኝ ትስቂያለሽ።» ጉንጯን በጣቱ ጀርባ ነካት። «ራስሽ ፈልገሽ ስትመጪ ነው የምወደው። ፊትሽ እንደፈለገው ይሁን፣ ብትፈልጊ ዓመት ሙሉ አትሳቂ። ብቻ ፈልገሽ። ያኔ የትም ብሆን እቀበልሻለሁ። ለኔ ብለሽ ግን አትምጪ፤ ለሰው ብለሽ የኖርሽው ይበቃል።»

«ላይመጣ ይችላል እኮ፤ ፍላጎቱ። ዶክተሯም አላውቅም ነው ያሉኝ።»

«ይችላል» አለ።  «አውቃለሁ፣ ይችላል።»

ግንባሯን ሳማትና ሻንጣውን ይዞ ተሳፈረ።

መቀመጫው እሷ ከቆመችበት በኩል፣ መስኮቱ ሥር ነበር። ዞሮ እንደሚያያት ጠበቀች፤ ሳታውቀው ፊቷን ማሰናዳት ጀመረች፤ ከንፈሯን ትንሽ ወደ ላይ፣ ዓይኗን ትንሽ ፈካ። ክሬሙ ግን አልዞረም። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ፊቱን ወደ ሌላው ጎን መልሶ፣ አንገቱን ገትሮ ቀረ። የሰው ፊት ሳያይ መዋል የማይሆንለት ያ ሰው! መጀመሪያ ተቆጥቶ መሰላት። ከዚያ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችና ገባት። እንድታስመስል አልፈለገም። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ሳያያት ሊሄድ፣ ፊቷን ለራሷ ትቶላት ሊሄድ ነው እንደዚያ አንገቱን የገተረው።

አውቶቡሱ ተነሳ። ከንፈሯ ከተሰናዳበት ወረደ። የሚያያት አልነበረም፤ ደስ አለሽ ወይ የሚላት አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ከሆዷ ሥር፣ ከማታውቀው ጥልቅ ቦታ፣ አንድ ነገር ተነስቶ ደረቷ ላይ የወጣባት።

እንዲያያት ፈለገች። ዞር እንዲል፣ አንዴ ብቻ እንዲያያት። አውቶቡሱ ወደ በሩ ሲታጠፍ ፍላጎቱ ጨመረ፤ እንዲቆም ፈለገች፣ ቅንድቡ ላይ ክሬም እንዲኖር ፈለገች፣ በስኳር የተጻፈውን ማንበብ ፈለገች። አንዱ ሌላውን እየጎተተ መጣ፤ የሃያ ዓመት ሙሉ ፍላጎት በአንዴ ደረሰባት። ደስታ አልነበረም። ያማል፤ እንደ ቁስል ያቃጥላል። ሰዎች ይህንን ተሸክመው እንዴት ቆመው ይሄዳሉ?

 ሻንጣው በነበረበት ቦታ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሰው ይየኝ አይየኝ ሳትል ጮኻ አለቀሰች። ውሃ እያዞረች የምትሸጥ ሴት ዕቃዋን አስቀምጣ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው? ተዘረፍሽ እንዴ? ውሃ ልስጥሽ? ምን ፈልገሽ ነው?»

በእጇ ወደ መውጫው በር አመለከተች።

«እሱን» አለች። «እሱን ነው የምፈልገው።»

ሴትዮዋ ወደ መንገዱ ዞር ብላ አየች። አውቶቡሱ ሄዷል፤ አቧራው ብቻ ነበር። እሷ ግን «የምፈልገው» የሚለውን ቃል ከገዛ አፏ መስማት ያልጠገበች ይመስል፣ እያለቀሰች ደግማ ደጋግማ ትለው ነበር።